ዋይትዎሽ፣ ሳኒታይዝ፣ ሎንደር፦ ቆሻሻው የት ገባ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። «ዋይትዎሽ»፣ «ሳኒታይዝ» እና «ሎንደር» የሚሉት የእንግሊዝኛ ግሶች ሦስቱም መጥፎን ነገር ማሳመር በሚል ስሜት ሲመጡ፣ ሁሉንም «ማጽዳት» ብሎ መተርጎም ያስኬዳል? መዝገበ ቃላት «ነጭ መቀባት»፣ «ማጠብ» ብሎ ያልፋል።

መልስ፦ አያስኬድም። ከመተርጎም በፊት ቆሻሻው የት እንደገባ መጠየቅ ነው። ዋይትዎሽ ሲሆን ቆሻሻው እዚያው አለ፤ ከላዩ ተቀብቶበታል። ሳኒታይዝ ሲሆን ተነቅሶ ወጥቷል፤ ከዕቃው ላይ የጎደለ ነገር አለ። ሎንደር ሲሆን ዕቃው እንዳለ ነው፤ የጠፋው ከየት እንደመጣ ነው። «ማጽዳት» ካልን ሦስቱ ይቀላቀላሉ፤ ይባስ ብሎ አድራጊውን ያመሰገንነው ይመስላል።

ከዋይትዎሽ ልጀምር፤ ነገሩ ኖራ ነው። ውሃ የጠጣ ኖራ ወተት እስኪመስል ይቀጥንና ግድግዳ ይቀባል፤ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ መልሶ ይጠነክራል። በስሱ እየተደጋገመ ካልተቀባ፣ አንዴ ከወፈረ ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል። ርካሽ ነው፣ ስስ ነው፣ ከሥሩ ያለውን አያጥብም። ምሳሌው የወጣው ከዚህ ጠባዩ ነው። ለአማርኛ አንባቢ ደግሞ ሥዕሉ አዲስ አይደለም፦ ማቴዎስ 23፥27 ላይ «በኖራ የተለሰኑ መቃብሮች» አሉ፤ በሐዋርያት ሥራ 23፥3 ጳውሎስ ሊቀ ካህናቱን የተለሰነ ግድግዳ ይለዋል። ስለዚህ «ምርመራው ጥፋቱን በኖራ መለሰን ነበር» ቢባል ማንም ይገባዋል። ለዜና ከከበደ «ጥፋቱን ለመሸፋፈን የተደረገ ምርመራ» ይበቃል። «ሸፈነ» ሳይሆን «ሸፋፈነ» መሆኑን ልብ በሉ፤ ድግግሞሹ ነው ተንኮሉን የሚያመጣው። «ቀባ» እና «ቀባባ»ም እንደዚያው ናቸው።

ተጨማሪ፦ የስፖርት ገጽ ላይ ግን ኖራም መሸፋፈንም የለም። በእንግሊዞች አነጋገር አንዱ ቡድን የተከታታይ ግጥሚያውን ጨዋታ ሁሉ ሲያሸንፍ ዋይትዎሽ ይባላል። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2013–14 አሽስ በሚባለው የሁለቱ አገሮች የክሪኬት ግጥሚያ እንግሊዝን 5 ለ 0 ስትረታ የሆነው ይህ ነው። «አንድም ሳታስቀር አሸነፈች» ማለት ነው። በፊልም ወሬ ደግሞ ነጭ ላልሆነ ገጸ ባሕርይ ነጭ ተዋናይ መመደብ ነው፤ ይህኛው እስካሁን ጥሩ አማርኛ አላገኘም፣ ሐሳቡን ዘርዝሮ መጻፍ ይሻላል።

መልስ፦ ሳኒታይዝን በተመለከተ፣ «ሳኒታይዘር» በኮሮና ጊዜ ቤታችን የገባ ቃል ስለሆነ ሰው «መታጠብ» አድርጎ ያስበዋል። በሙያው ቋንቋ ግን መታጠብና ሳኒታይዝ ማድረግ ሁለት ሥራ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ የምግብ ቤት ዕቃ በሦስት ገንዳ ያልፋል፦ በአንዱ በሳሙና ይታጠባል፣ በሁለተኛው ይለቀለቃል፣ በሦስተኛው በክሎሪን ውሃ (ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 100 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን እጅ ከ50 እስከ 100 እጅ) ይነከርና ሳይወለወል በአየር ይደርቃል። ቅባት ያለበትን ሳህን በቀጥታ ሦስተኛው ገንዳ ውስጥ ቢከቱት ክሎሪኑ በቅሪቱ ላይ ያልቃል፣ ጀርሙ ይተርፋል። የቃሉ ሥር በላቲን ጤና ነው፤ ዓላማው ማስዋብ ሳይሆን ጉዳት እንዳያመጣ ማድረግ ነው።

ምሳሌያዊ ፍቺውም ከዚሁ ይወጣል፦ አንባቢን የሚጎረብጠውን ነቅሶ ማውጣት። «ሳኒታይዝ የተደረገ የጦርነት ታሪክ» ደሙና ሬሳው የወጣለት ታሪክ ነው። ሁልጊዜ ስድብ አይደለም፤ የስለላ ሰነድ ምንጩ እንዳይታወቅ ስሞቹና ቦታዎቹ ወጥተው ለሌላ ሲሰጥ በዚሁ ቃል ይጠራል፤ ያን ጊዜ «ምስጢሩ የወጣለት ቅጂ» ልንለው እንችላለን። የቅርብ ዘመዱ «ባውድለራይዝ» ጠበብ ይላል፤ ከሥነ ጽሑፍ ላይ ነውር የተባለውን መቁረጥ ብቻ ነው። የመጣውም የሼክስፒርን ተውኔቶች ለቤተሰብ ንባብ ብሎ በቆረጠው በቶማስ ባውድለር ስም ነው።

መልስ፦ ሎንደር ላይ ሕግ አውጪው ቀድሞናል። የ2005 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 780 «በወንጀል ድርጊት የተገኘ ገንዘብ ወይም ንብረት ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብ» ብሎታል። ረጅም ነው፣ ግን ሥዕሉን ትቶ ፍቺውን ይዟል። «ገንዘብ ማጠብ» ያጥራል፤ ችግሩ ጥቁር ወረቀት በኬሚካል ታጥቦ ዶላር ይሆናል ከሚለው ማጭበርበር ጋር መምታታቱ ነው። አሠራሩ ሦስት ደረጃ አለው፦ ገንዘቡን ወደ ባንክ ወይም ንግድ ማስገባት፣ ምንጩ እስኪጠፋ ከሒሳብ ሒሳብ ማዘዋወር፣ በመጨረሻ ቤት ወይም ድርጅት ገዝቶ ንጹሕ ባለሀብት ሆኖ መውጣት። ቃሉ ከአሜሪካዊው ወንበዴ ከአል ካፖን የልብስ ማጠቢያ ቤቶች መጣ የሚለው ተረት ነው፤ በጋዜጣ የተስፋፋው ፕሬዚዳንት ኒክሰንን ከሥልጣን ባወረደው በዋተርጌት ቅሌት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። ዛሬ «ስምን ሎንደር ማድረግ»ም ይባላል። ወንጀልን ግን ሎንደር ማድረግ አይቻልም፤ ወንጀል ዋይትዎሽ ነው የሚደረገው።

ጥያቄ፦ «ግሎስ ኦቨር»ስ?

መልስ፦ ለእሱ አትድከም፣ «አድበሰበሰ» ቁርጥ ነው። ነገሩን አይክድም፣ አይቆርጥም፣ ቶሎ ብሎ ያልፈዋል። «አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ» የሚለውም ለዚሁ ዓይነት ሥራ የተባለ ነው። «ሹገርኮት» ግን ሌላ ነው፤ መራራ ኪኒን በስኳር ከመሸፈን የመጣ ስለሆነ ሰሚው መድኃኒቱን ይውጠዋል፤ «አጣፍጦ ነገረው» ይሄዳል።

ተጨማሪ፦ ስለ «ግሪንዎሽ»፣ ማለትም ለአካባቢ ተቆርቋሪ መስሎ ስለ መታየት፣ አንድ እርማት። «አረንጓዴ እጥበት» እየተባለ ሲጻፍ ይታያል። ቃሉን አሜሪካዊው የአካባቢ ተቆርቋሪ ጄይ ዌስተርቬልድ እ.ኤ.አ. በ1986 የጻፈው ፎጣችሁን ደግማችሁ ተጠቀሙ፣ አካባቢን አድኑ የሚሉ ሆቴሎችን ሲተች ነው፤ የተቀረጸውም ከዋይትዎሽ ነው። ስለዚህ መጨረሻው ላይ ያለው «ዎሽ» እጥበት አይደለም፣ ቅብ ነው፤ «አረንጓዴ ቅብ» ይሻላል። ከዚያ ወዲህ የመጡት «ስፖርትስዎሽ» (የጎደፈ ስምን በስፖርት መሸፋፈን) እና መሰሎቹም ቅብ ናቸው። «ብሬይንዎሽ» ብቻ ይለያል፤ እሱ «አንጎል ማጠብ» ከሚል የቻይንኛ ቃል ተተርጉሞ የገባ ስለሆነ እውነትም እጥበት ነው፣ አማርኛውም «አእምሮ ማጠብ» ማለቱ ልክ ነው።