የገጠር ራግቢ ሊግ ውድድሮች ይጠቅለሉ ወይስ በየአካባቢያቸው ይቅሩ? (ክርክር)

የኦሬንጁ፦
አውስትራሊያ ላላችሁ ሁሉ ሰላም። ባለፈው ስለ ልጆቻችን ስፖርት ስናወራ ነገሩ ወደ ራግቢ ሊግ ዞሮ ሳንቋጨው ቀረን። ዛሬ ለብቻው ላንሳው።

ሜልቦርንና ፐርዝ ላላችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ይሄ 15 ሰው የሚጫወተው ራግቢ አይደለም። በየቡድኑ 13 ሰው ነው፤ ኳስ የያዘው ቡድን ስድስት ጊዜ ከተጣለ ኳሱን ያስረክባል። ኒው ሳውዝ ዌልስና ኩዊንስላንድ ገጠር ውስጥ ቅዳሜና እሁድ የሚያልፈው በዚህ ነው። በኒው ሳውዝ ዌልስ የገጠር ክለቦች ቁጥር በተሰጣቸው "ግሩፖች" ተከፋፍለው ነው የኖሩት። የእኛ ግሩፕ 10 ነው፤ ባተርስት፣ ኦሬንጅ፣ ማጂ፣ ሊትጎ። ከእኛ በስተምዕራብ ያለው ግሩፕ 11 ነው፤ ዱቦ፣ ፓርክስ፣ ፎርብስ፣ ኒንገን። በ2022 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው) ሁለቱ ተጣምረው ፒተር ማክዶናልድ ፕሪምየርሺፕ የሚባል ውድድር መጣ። ከዚያ በፊት በ2019 የገጠሩን ጨዋታ ለብቻው ሲያስተዳድር የኖረው ካንትሪ ራግቢ ሊግ ሲድኒ ካለው ከክፍለ ግዛቱ ራግቢ ሊግ ጋር ተዋህዷል።

ጥያቄዬ ይሄ ሁሉ መጠቅለል ትንንሾቹን ክለቦች ጠቀማቸው ወይስ ጎዳቸው ነው። እኔ ጨዋታው ማማሩን አልክድም። የማይዋጥልኝ የጨዋታ ፕሮግራሙን ማን ያወጣል የሚለው ነው።

የዱቦዋ ነርስ፦
ጎዳቸው። እስቲ ካርታ አውጣና ከሊትጎ እስከ ኒንገን ለካ። መሄጃው ብቻ ከ400 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ከአዲስ አበባ ደሴ በለው። ሄዶ፣ 80 ደቂቃ ተላትሞ፣ በዚያው ቀን መመለስ። ልጆቹ እኮ በዚህ እንጀራ የሚበሉ አይደሉም። ሰኞ ጠዋት ቄራ የሚገባ አለ፣ የማዕድን ፈረቃ የሚጠብቀው አለ፣ በግ የሚሸልት አለ።

እኔ ካንቲን ውስጥ አግዛለሁ፣ ስለዚህ የማወራው ያየሁትን ነው። የጨዋታ ቀን ማለት ጠዋት ከ18 ዓመት በታች፣ ቀጥሎ የሴቶቹ ሊግ ታግ (መጣጣል የለም፣ ከወገብ ላይ ጨርቅ መንጠቅ ነው)፣ ከዚያ ሁለተኛው ቡድን፣ መጨረሻ ላይ ዋናው ነው። ሰው ቀኑን ሙሉ እዚያው ይውላል። ሽንኩርቱ ይጠበሳል፣ የስጋ ዕጣ ይሸጣል፣ አያቶች መኪናቸውን አጥሩ ጥግ አቁመው ግብ ሲቆጠር ጡሩንባ ይነፋሉ። ታዲያ አንድ ቀን ከሩቅ የሚመጣው ክለብ ሁለተኛ ቡድን ሰው አጥቶ ፎርፌ ሰጠ። መሃል ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ባዶ ሜዳ። ሰው ወጣ፣ ግማሹ አልተመለሰም። የገዛነው ዳቦ ተረፈ።

ጋሼ ከብላክታውን፦
ልጄ፣ ያልሽው መንገድ ረጅም ነው፣ ልክ ነሽ። ግን ክለብ የሚሞተው በውህደት ነው? ወጣቱ ለትምህርትና ለሥራ ሲድኒ ሲገባ እኮ ነው የሚሞተው። የሚመጣውም ብላክታውን እኔ ሰፈር ነው፤ በየቀኑ አየዋለሁ። ሁለት ቢሮ፣ ሁለት ቦርድ፣ ሁለት ዓይነት ደንብ ይዞ አንድ ጨዋታ ማስተዳደር ገንዘብ መበተን ነው። ኢንሹራንሱ፣ የዳኞች ሥልጠናው፣ ከልጆች ጋር የሚሠራ ሰው የሚጠየቀው የማጣሪያ ፈቃድ፣ ይሄ ሁሉ በፈቃደኛ አያት ትከሻ ላይ መጣል የለበትም።

የዱቦዋ ነርስ፦
ጋሼ፣ ፈቃዱንና ኢንሹራንሱን ማን ተቃወመ? እሱን ሲድኒ ይያዝልን፣ እሰየው። እኔ የምለው እሁድ የት እንደምንሄድ አይወስንልን ነው። አሁን ደግሞ በሙያዬ ልናገር። በ2024 የአውስትራሊያ ስፖርት ኢንስቲትዩት ባወጣው መመሪያ ጭንቅላቱን ተመትቶ ምልክት ያሳየ የማኅበረሰብ ስፖርት ተጫዋች ቢያንስ 21 ቀን ከግጭት ጨዋታ ይርቃል። በሁለት እጄ የምደግፈው ነገር ነው። ግን ትልቅ ክለብ ሦስት ልጅ ለሦስት ሳምንት ቢያጣ ሌላ ያሰልፋል። ትንሹ ክለብ ሦስት ካጣ ሁለተኛ ቡድን የለውም። ዱቦ ያለነው እንኳ እንደምንም እንችላለን፤ ኒንገንን አስቡት።

የኦሬንጁ፦
ለፍትህ ያህል አንድ ነገር ልጨምር። የሁለቱ ግሩፖች ክለቦች በብዛት የሚገናኙት በየራሳቸው ምድብ ነው። ተሻግሮ መጫወቱ የተወሰነ ነው። በየሳምንቱ 400 ኪሎ ሜትር የሚነዳ የለም።

የዱቦዋ ነርስ፦
የተወሰነ ነው ያልከው እስኪደርስብህ ነው።

ሜልቦርን ነኝ፦
ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ ሁሉ ለምን እንደሚያሳስባችሁ አልገባኝም። የእኛ ልጆች እዚህ ፉትስክሬይ ሰፈር እግር ኳስ ነው የሚጫወቱት፣ ካልሆነም ሞላላዋን የአውስትራሊያ ኳስ። ጭንቅላት እየተመታ ሦስት ሳምንት የሚያስተኛ ጨዋታ ይዋሃድ አይዋሃድ ብሎ መከራከር ቅንጦት ነው።

የዋጋ ዋጋው፦
ወንድሜ፣ አንተ ከመስመሩ ወዲያ ነህ። ኢያን ተርነር የሚባል የታሪክ ምሁር በ1978 የባራሲ መስመር ያለው አለ፤ ከመስመሩ ወዲህ ራግቢ፣ ወዲያ የአንተ ሞላላ ኳስ። የእኔ ከተማ ዋጋ ዋጋ መስመሩ ላይ ተቀምጣለች። እዚህ አንድ ጎዳና ላይ የሁለቱንም ማሊያ ታያለህ።

ለምን ያሳስበናል ላልከው፣ ብዙዎቻችን እዚህ የመጣነው 491 በሚባለው የክልል ቪዛ ነው። ቋሚ ነዋሪነት ለመጠየቅ ሦስት ዓመት ከትልልቆቹ ከተሞች ውጭ ኖሮ መሥራት ግድ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ሩቅ፣ እንጀራው ሩቅ። እኔን ሰው ያስተዋወቀኝ የልጄ ቡድን ነው። አሰልጣኙ መኪና አስጠገነልኝ፣ የአንዱ ልጅ እናት ለባለቤቴ ሥራ ጠቆመቻት። ያ ክለብ ከተዘጋ ማንን አውቃለሁ? ይሄን ቅንጦት አትበለው።

ስለ ክርክሩ ግን የእኔ ሐሳብ ከሁለታችሁም ይለያል። ችግሩ መንገድም ፕሮግራምም አይደለም፣ ደሞዝ ነው። የገጠር ክለቦች ለዋናው ቡድን ተጫዋቾች በየጨዋታው ይከፍላሉ። ጎረቤቱ ክለብ ከሲድኒ ሁለተኛ ሊግ የወረደ ሰው ካመጣ አንተም ታመጣለህ። ይሄን ለመግታት ለእያንዳንዱ ተጫዋች ነጥብ የሚሰጥ አሠራር አለ። በክለቡ ያደገ ልጅ ትንሽ ነጥብ ይይዛል፣ ከትልቅ ሊግ የመጣ ብዙ፣ ድምሩ ከጣሪያው ማለፍ የለበትም። ወረቀት ላይ ቆንጆ ነው። ግን ነጥብ እንጂ ብር አይቆጥርም። ዝነኛውን ተጫዋች ሎሪ ዴሊን ያፈራችው ጁኒ እኮ እዚሁ ቅርባችን ያለች ሚጢጢ ከተማ ናት። ገዝታ አይደለም፣ አሳድጋ ነው።

ጋሼ ከብላክታውን፦
ይሄን ወደድኩት። ብሩ ከየት እንደሚመጣስ ለምን አትናገርም? ከቁማር ማሽን ነው። ኒው ሳውዝ ዌልስ ከ1956 ጀምሮ ማሽኑን ለክለቦች ፈቅዷል። የሊግ ክለቦቹ (የአባላት መዝናኛ ቤቶቹ) ሬስቶራንት፣ የልጆቹ ማሊያ፣ የሜዳው መብራት፣ ሲጨመቅ ከዚያ ነው። የእኛን ወገኖች ደሞዝ ሲበላ አይቻለሁና በዚህ ላይ አልደራደርም።

የዋጋ ዋጋው፦
ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፣ ግን ነገ ማሽኑ ቢነሳ የሜዳውን መብራት ማን ይከፍላል? ማዘጋጃ ቤቱ? ሲድኒ ያለው ቢሮ?

ጋሼ ከብላክታውን፦
ብሔራዊው ሊግ ይክፈላ! ከቴሌቪዥን የሚሰበስበው ገንዘብ ትንሽ ነው? ላስ ቬጋስ ሄዶ ዓመቱን የሚከፍት ሊግ ለፎርብስ መብራት ያጣል? መንግሥትስ ቢሆን በ2024 መጨረሻ ለፓፑዋ ኒው ጊኒ ቡድንና ለፓስፊክ አገሮች ራግቢ ሊግ በ10 ዓመት 600 ሚሊዮን ዶላር መድቦ የለ?

የኦሬንጁ፦
እዚህ ላይ አልስማማም፣ ጋሼ። ያ ገንዘብ የውጭ ጉዳይ ገንዘብ ነው። ካንቤራ ከቻይና ጋር በፓስፊክ የያዘችው ፉክክር ባይኖር አይመደብም ነበር። ቡድኑ በ2028 ብሔራዊው ሊግ ውስጥ ባይገባ ገንዘቡ ወደ ፎርብስ ይመጣል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። ብሔራዊውን ሊግ ከሆነ ግን ልንወቅሰው እንችላለን። በየዓመቱ በሊጉ ያሉት የገጠር ልጆች ከከተማዎቹ ጋር የሚገጥሙበት ጨዋታ ነበር፤ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ2017 እዚሁ ማጂ ነው። ከዚያ ቀረ። ክለቦቹ ተጫዋች ይጎዳብናል አሉ፣ ሊጉም ተወው። አንድ የገጠር ከተማ ኮከቦቹን በአካል የምታይበት ቀን ነበር።

ቱዉምባ፦
ከኩዊንስላንድ አንድ ቃል። እናንተ ሁለት ነገር አደባልቃችኋል። እኛ ጋ የሰፈሩ ውድድር የሰፈር ነው፣ ከላዩ ደግሞ የኩዊንስላንድ ዋንጫ አለ። ማካይ፣ ሮክሃምፕተን፣ ኬርንስ፣ ታውንስቪል የየራሳቸው ቡድን አላቸው። ከ2014 ጀምሮ የፓፑዋ ኒው ጊኒ ሃንተርስም ገብተዋል፤ በ2017 ዋንጫውን በሉት። ረጅሙን መንገድ የሚጓዘው ያ አንድ የአውራጃ ቡድን ነው። የሰፈሩ ክለብ ከጎረቤቱ ጋር ነው። ትንሽ ክለብን አውሮፕላን ወይም አውቶቡስ ውስጥ አትከቱትም።

የኦሬንጁ፦
ይሄ ልቤን የነካው ሐሳብ ነው። ግን የአውራጃ ቡድን ስፖንሰር ይፈልጋል። ባተርስት፣ ኦሬንጅና ዱቦ በአንድ ማሊያ ይሰለፉ ብትል የመጀመሪያው ጠብ "ሜዳው የት ይሁን" ነው። ሁለተኛውም እሱ ነው።

የዱቦዋ ነርስ፦
ሲድኒ ካላስተዳደረው ጨዋታው ይበላሻል ለምትሉ ኩሪ ኖክአውት የሚባለውን የአቦርጂኖቹን የራግቢ ሊግ ውድድር እዩት። በ1971 ሲድኒ ካምፐርዳውን ሜዳ ላይ በሰባት ቡድን ተጀመረ። ዛሬ በጥቅምት ረጅም የዕረፍት ቀናት በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ይሰበሰባል። ደንቡ ቀላል ነው፤ ያሸነፈ ቡድን የቀጣዩን ዓመት ያዘጋጃል። ከቤተሰብ፣ ከመንደር፣ ከሚሲዮን ሰፈር የተውጣጡ ቡድኖች ናቸው። ማንም ከላይ ፕሮግራም አልላከላቸውም።

ጋሼ ከብላክታውን፦
ያ በዓመት አንድ ጊዜ ነው ልጄ። ድግስ ማብላትና ዓመቱን ሙሉ ቤት ማስተዳደር አንድ አይደለም። ደግሞ አትርሱ፣ ይሄ ጨዋታ ራሱ አውስትራሊያ ውስጥ የተጀመረው በ1907 ሲድኒ ላይ አማተር ነን የሚሉ አስተዳዳሪዎች የተጎዳ ሠራተኛ ተጫዋች ሥራ ፈቶ የቀረበትን ደሞዝ አንክስም ብለው ነው። ፈቃደኝነትን ከመጠን በላይ ስታወድሱ ይሄ ትዝ ይለኛል።

ሜልቦርን ነኝ፦
እሺ፣ አሁን ትንሽ ገባኝ። ታዲያ መፍትሔ ያለው የለም?

የኦሬንጁ፦
እኔ ይሄን እላለሁ። ዋናው ቡድን በጋራው ውድድር ይቀጥል፣ ደረጃው እውነትም ከፍ ብሏል። ሁለተኛው ቡድን፣ ሊግ ታጉና ከ18 በታቹ ግን ምድብ አይሻገሩ። ፕሮግራሙን ደግሞ ከየክለቡ የተወከለ አንድ ሰው ያለበት ኮሚቴ ያውጣው፣ ሲድኒ ያጽድቀው። ርቀቱ ሩቅ ከሆነ ያለ ሁለተኛ ቡድን መምጣት ፎርፌ አይባል።

የዱቦዋ ነርስ፦
ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን ካንቲኑን ገደልከው። ዋናው ቡድን ብቻውን ከመጣ ሰው የሚመጣው ከሰዓት ነው፤ 80 ደቂቃ አይቶ ይሄዳል። የክለቡ ገቢ ቀኑን ሙሉ ከሚውለው ቤተሰብ ነው፣ የሁለተኛው ቡድን እናት ናት ሻይ የምትገዛው። ሦስት እንደዚህ ያለ እሁድ ካለ የዓመቱ የዳኛ ክፍያ የለም።

የዋጋ ዋጋው፦
ያልመጣው ክለብ ለባለሜዳው ካሳ ይክፈል?

የዱቦዋ ነርስ፦
ሰው አጥቶ ያልመጣውን ክለብ? ከየት አምጥቶ?

ጋሼ ከብላክታውን፦
ያንን ካሳ ሲድኒ ይክፈል። ፕሮግራሙን ያጸደቀው እሱ ከሆነ ባዶ የቀረውን ሜዳም እሱ ይክፈል። ይሄን ጻፉና ለክለቦቻችሁ ስብሰባ አቅርቡት፣ እኔም እፈርማለሁ።

የዱቦዋ ነርስ፦
አሁን መጡልኝ ጋሼ። የእኛ ክለብ ጸሐፊ ጋ ነገ እወስደዋለሁ። የኦሬንጁ፣ አንተ የእናንተን ጠይቅ፤ በሁለት ክለብ ፊርማ ብቻ ማንም ቀና ብሎ አያየንም።