«ሀንድዚ ነው» ማለት ማለሳለስ ነው?

ጠያቂዋ፦ እዚህ አሜሪካ ሥራ ቦታ ስለ አንዳንድ ወንድ «ሀንድዚ ነው» ሲባል እሰማለሁ። እጁ አያርፍም፣ ሳይፈቀድለት ይነካካል ለማለት ነው። ለእኔ ግን ትንኮሳውን ተራ የጠባይ ጉድለት ያስመስለዋል። ምን ትላላችሁ?

የዴንቨሩ፦ አታካብጂው እህቴ። አንዳንዱ ሰው ሲያወራ ትከሻ መታ መታ ማድረግ ይወዳል። የእኛስ ሰላምታ ትከሻ ለትከሻ አይደል?

አስተርጓሚዋ፦ ወንድሜ፣ ሁለት ነገር ቀላቀልክ። አንተ የምትለው «ተቺ ፊሊ» ነው፤ ማቀፍ የሚወድ፣ ስሜቱን የማይደብቅ ሰው። ቃሉ ግፋ ቢል ትንሽ ሹፈት ቢኖረው ነው። ስታንፎርድ የቢዝነስ ተማሪዎች ስለ ሰዎች ግንኙነት የሚሰጠውን ኮርስ በዚሁ ስም ነው የሚጠሩት። «ሀንድዚ» ግን ነቀፋ ነው። ማን ስለ ራሱ በኩራት ሲለው ሰምተሃል?

የዴንቨሩ፦ ባይደንንም እኮ እንዲያ ሲሏቸው ነበር።

አስተርጓሚዋ፦ ጥሩ አነሣህ። በ2019 የቀድሞዋ የኔቫዳ ምክር ቤት አባል ሉሲ ፍሎሬስ፣ በ2014 የምርጫ ቅስቀሳ ላይ ከኋላዬ መጥተው ትከሻዬን ይዘው ጭንቅላቴን ሳሙኝ ብላ ጻፈች። የሆነውን በዝርዝር ነው ያስቀመጠችው። እሳቸውም በቪዲዮ ወጥተው ወደፊት የሰውን የግል ክልል አከብራለሁ አሉ።

ነርሷ፦ ቃሉን ግን አትጣሉብን። ማታ ፈረቃ ለአዲስ ልጅ «ያ ሰውዬ ሀንድዚ ነው» ካልናት፣ ዕቃ ክፍል ከእሱ ጋር ብቻሽን አትግቢ ማለታችን ነው። ክስ ባይከፈት እንኳ ልጅቷ ትጠንቀቅ።

ጠያቂዋ፦ በሹክሹክታ ሲሆን እሺ። እኔ ግን ወገቤን ያዘኝ ብዬ ነገርኳቸው፤ አለቃዬ ቅጹ ላይ «ሀንድዚ» ብሎ ሞላው።

አስተርጓሚዋ፦ ይህማ ጉዳት አለው! በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ስትከሺ ፍርድ ቤቱ ድርጊቱ ያልተፈለገ እንደነበረ፣ ክብደቱን ወይም መደጋገሙን ያያል። ከዚያ ቃል ይህን ማን ያወጣዋል? የት እንደነካሽ፣ ምን እንዳልሽው፣ ስንቴ እንደሆነ በራስሽ አባባል ይጻፍ። ሳታነቢ አትፈርሚ።

የዴንቨሩ፦ ወገብ ከሆነማ ሌላ ነው። ትከሻ መታ ማድረግን ግን አሁንም ነውር አልለውም።

ነርሷ፦ የምትነካትን ሴት ጠይቀሃታል?