ኤስኤሲዲ ይዞራል፣ ድምፅ ግን የለም! እስከ ነገ መልሱልኝ

ሰላም_ማራኪ፦
እባካችሁ ቶሎ! ፒያሳ ካለ ሱቅ ያገለገለ የኤስኤሲዲ (ሱፐር ኦዲዮ ሲዲ፣ ከተራ ሲዲ የላቀ ጥራት ያለው የሙዚቃ ዲስክ) ማጫወቻ ገዛሁ። ተራ ሲዲ ጥርት አድርጎ ያጫውታል። ኤስኤሲዲ ሲገባ ግን ይዞራል፣ ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ድምፁ ጭጭ። ሻጩ የሚቀበለኝ እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። ማሽኑ ነው ዲስኩ የተበላሸው? ለመሆኑ ይሄ ፎርማት ተስፋ አለው ወይስ ብሬን ልቀበል?

አዘዞ_ጥገና፦
ሌንሱ ቆሽሿል። ክዳኑን ፍቺና በአልኮል በራሰ ጥጥ ጥረጊው።

የድሮ_ካሴት፦
መጀመሪያ ዕቃውን እንወቀው። ሶኒና ፊሊፕስ በ1999 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። ድምፁ በ1 ቢት፣ በሰከንድ 2.8224 ሚሊዮን ጊዜ ይመዘገባል፤ ከሲዲ 64 እጥፍ ማለት ነው። ሃይብሪድ የሚባለው ዲስክ ሁለት ሌየር (ንብርብር) አለው፣ አንዱ የሲዲ፣ ሌላው የኤስኤሲዲ። የሲዲውን 780 ናኖሜትር ሌዘር ያነበዋል፣ የኤስኤሲዲውን ደግሞ 650። ስለዚህ «ሲዲ ይጫወታል» ማለት ማሽኑ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም።

ቀበሌ_18፦
እህቴ፣ መልሺውና ብርሽን ያዢ። አፕል ሚዩዚክ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሲዲ የበለጠ ጥራት፣ እስከ 24 ቢት/192 ኪሎኸርዝ፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሰጣል። ዲስክ ማን ይፈልጋል?

ሳውንድ_ቤት፦
ከአምፕሊፋየሩ ጋር በምን ገመድ ነው ያገናኘሽው?

ሰላም_ማራኪ፦
በኦፕቲካል፣ በብርሃን በሚሠራው ዲጂታል ገመድ። ለሲዲ ይሠራል እኮ!

አዘዞ_ጥገና፦
እኔ አሁንም ሌንሱ ነው እላለሁ። አልኮል ስል ግን አረቄ እንዳይመስልሽ 😄

ሳውንድ_ቤት፦
ሌንሱን አትንኪው። ሰዓቱ ከቆጠረ ዲስኩ እየተነበበ ነው። ጥፋቱ ገመዱ ላይ ነው፤ የኤስኤሲዲ ድምፅ ቅጂን በመፍራት በኦፕቲካልም በኮአክሲያልም (ሌላው ዲጂታል ገመድ) እንዳይወጣ ታግዷል። ሲዲው የሚያልፈው እገዳው እሱን ስለማይነካ ነው።

አሁኑኑ ሞክሪ፦ ዲስኩን አቁሚና ሪሞቱ ላይ ያለውን የሌየር መምረጫ ተጭነሽ ወደ ሲዲ ቀይሪው። ዲስኩ ሃይብሪድ ከሆነ በዚያው ገመድ ድምፅ ይመጣል፤ ያኔ ዝም ያሰኘው እገዳው መሆኑ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ከዚያ ቀይና ነጩን ገመድ ከማጫወቻው አናሎግ መውጫ ወደ አምፕሊፋየሩ «ሲዲ» ወይም «ኦክስ» አስገቢ። «ፎኖ» ላይ እንዳትሰኪው፣ እሱ ለሸክላ ማጫወቻ ነው፤ ድምፁን ያዛባዋል።

ኤችዲኤምአይ ካለሽም ይሆናል። አምፕሊፋየሩ ዲኤስዲ (የኤስኤሲዲውን ባለ 1 ቢት ድምፅ) የማይቀበል ከሆነ ማጫወቻው ሴቲንግ ውስጥ ወደ ፒሲኤም (ሲዲ ወደሚጠቀምበት የድምፅ ዓይነት) ለውጪው። ከሲዲው 6 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ ሊሰማ ይችላል፤ ቮልዩም ጨምሪ እንጂ አትደንግጪ።

የድሮ_ካሴት፦
ልክ ነው፣ ኦፕቲካሉን ረስቼው ነበር። ወደፊቱን በተመለከተ ግን ከቀበሌ_18 ጋር አልስማማም። ፎርማቱ ሰፊ ገበያ አይኖረውም፣ ያ ዕድል አልፏል። ክላሲካልና ጃዝ አድማጮች ግን ዛሬም ይገዙታል፣ ማራንትዝም ማጫወቻ መሥራቱን አልተወም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ኦፖ በ2018 እ.ኤ.አ. ማጫወቻ ማምረት አቁሟል፤ የኮምፒውተር ዲቪዲ ድራይቭ ደግሞ ይሄን ሌየር አያነብም። ማጫወቻሽ ሲሞት ከሃይብሪዱ የሚተርፍሽ የሲዲው ሌየር ነው፤ ኤስኤሲዲ ብቻ ያለበት ባለ አንድ ሌየሩ ግን ጭራሽ ዝም ይላል።

ቀበሌ_18፦
ታዲያ እኔ ምን አልኩ?

የድሮ_ካሴት፦
አንተ ያልከው ዲስክ ማን ይፈልጋል ነው። እኔ የምለው ቅጂው በፋይል ይዳን ነው። በዲኤስዲ ፋይል መልክ የሚሸጡ ቀረጻዎች አሉ፤ ሳይጨመቅ የአንድ ሰዓት ስቴሪዮ 2.5 ጊጋባይት ገደማ ነው። በሞባይል ዳታ ከማውረድሽ በፊት አስቢበት።

ሳውንድ_ቤት፦
ሰላም፣ ነገ ከስድስት ሰዓት በፊት ሦስት ነገር እይ። ከጀርባው የተጻፈው ቮልቴጅ 220–240 መሆኑን አረጋግጪ፤ 100 ካለ ለጃፓን የተሠራ ነው፣ በቀጥታ ሶኬት ላይ ከሰካሽው ይቃጠላል። የኤስኤሲዲውን የመጨረሻ ዘፈን አጫውቺ፣ የደከመ ሌዘር እዚያ ሊዘል ይችላል። ትሪውን ደጋግመሽ ክፈቺና ዝጊ፤ ከተንገራገጨ ቀበቶው ላልቷል፣ እሱ ርካሽ ነው። ሌዘሩ ከዘለለ ግን ገንዘብሽን ተቀበዪ።

አዘዞ_ጥገና፦
ሌንሱን ጠረግሽው?