የመጫወቻ ሜዳችንን የሌሊት ሁከት እንዴት እንከላከል? ምክራችሁን እሻለሁ
በምኖርበት ሰፈር የሚገኘው የሕፃናት መጫወቻ ሜዳ ከመሸ በኋላ የሁከት መናኸሪያ በመሆኑ፣ ጠዋት ልጆች ሲመጡ ከዥዋዥዌው ሥር የተሰባበረ ጠርሙስ ይጠብቃቸዋል። ፖሊስ ስንጠራ ይመጣል፤ ሆኖም የመኪናው መብራት ከሩቅ እንደታየ ሁሉም ይበተንና ፖሊስ ሲመለስ እንደገና ይሰበሰባል። ነዋሪው ደግሞ በቀልን ስለሚፈራ በስሙ ቃሉን ለመስጠት ፈቃደኛ አይደለም፤ እኔም አልፈርድበትም።

አሜሪካዊው ምሁር ኸርማን ጎልድስታይን እ.ኤ.አ. በ1979 ባቀረበው ሐሳብ፣ ፖሊስ ተደጋጋሚ ጥሪዎችን በተናጠል ከማስተናገድ ይልቅ የጋራ መንስኤያቸውን መርምሮ መፍትሔ እንዲፈልግ ይመክራል። ሐሳቡ ያሳምነኛል፤ ከየት እንደሚጀመር ግን ግራ ገብቶኛል። ሁከቱ የተፈጠረበትን ቀንና ሰዓት እየመዘገብን ብናቀርብ፣ ፖሊስ የቅኝት ሰዓቱን በዚያ መሠረት ያስተካክልልናል? መብራት ብናስተክልስ ችግሩን ወደ ቀጣዩ መንገድ ከማሻገር ያለፈ ፋይዳ ይኖረዋል? እዚያ ከሚያመሹት ወጣቶች ብዙዎቹ መዋያ ያጡ እንጂ አጥፊዎች ስላልሆኑ፣ ሁሉንም በጅምላ የሚያባርር እርምጃ አልደግፍም።

ተመሳሳይ ችግር የገጠማችሁ ሰዎች፣ ምስክሮችን ሳታጋልጡ ከፖሊስ ጋር በምን መልክ እንደተነጋገራችሁ ብትገልጹልኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው።