ክላክሴ ደከመ፤ ነገ ማለዳ ጣርማበርን መውረድ አለብኝ

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን፦
የመኪናዬ ክላክስ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ብቻ ይንሾካሾካል። ነገ ማለዳ ቤተሰብ ይዤ ወደ ሸዋ ሮቢት ስለምወርድና የጣርማበርን ጉም ስለምታውቁት፣ አዲስ ልግዛ ወይስ ይጠገናል? እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። ፊውዙን ቀይሬዋለሁ።

አባል፣ ከመሐል ሜዳ፦
በመጀመሪያ ፊውዙን ይመልከቱ።

ጡረተኛ ሾፌር፣ ከደብረ ሲና፦
ልጄ፣ ያንን ቁልቁለት በሰላም የሚያወርድህ ከባድ ማርሽና ጤነኛ ፍሬን እንጂ ክላክስ አይደለም። ጉም ሲገጥምህ ረጅሙ መብራት ተመልሶ የራስህን ዓይን ስለሚወጋ አጭሩን አብራ፤ ጣልያን በወረራው ዘመን ያስቆፈረው ዋሻ ስትደርስም ፍጥነትህን ቀንስ። በእኛ ጊዜ ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ ይጮኽ ነበር።

ጠያቂ፦
ጋሼ፣ ምክርዎን አከብራለሁ፤ ነገር ግን መንገድ ላይ የተኛ አህያ መብራት አይገባውም።

አባል፣ ከመሐል ሜዳ፦
የመንዝ በግ ከሆነ ክላክስም አይገባው። ፊውዙን አይተዋል?

መካኒክ፣ ከደብረ ብርሃን፦
የመኪናውን ዓይነት አልጻፉልንም፤ ባለ 12 ቮልት አሮጌ የቤት መኪና ነው ብዬ ልገምት። ፊውዝ ከተቃጠለ ክላክሱ ጨርሶ ዝም ይላል እንጂ ድምፁ አይደክምም፤ ስለዚህ ፊውዙን ይተዉት። ብዙ መኪኖች ቀጭንና ወፍራም ድምፅ ያላቸው ሁለት ክላክሶች ስላሏቸው፣ አንዱ ሞቶ እንደሆነ ሰው መሪው ላይ ሲጫንልዎ እጅዎን አስነክተው ይለዩ። ሁለቱም የሚንቀጠቀጡ ከሆነ፣ ፊውዝ ባለው ሽቦ ከባትሪው ፖዘቲቭ ወደ ክላክሱ በቀጥታ ያገናኙ፤ በዚህ ጊዜ አጥርቶ ከጮኸ አዲስ መግዛት አያስፈልግም፤ ችግሩ ሪሌው (ለክላክሱ ኤሌክትሪክ የሚያገናኘው ትንሽ ማብሪያ) ወይም የዛገ የሽቦ ጫፍ ነው። ካልጮኸ ደግሞ ማሳውን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበትን መስመር፣ ይጠርጥሩ፤ በብዙ አሮጌ መኪኖች ክላክሱ ማሳ የሚያገኘው በታሰረበት ብረት በኩል ስለሆነ፣ ብሎኑን ፈትተው ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው መልሰው ያጥብቁት። ይህም ካልረዳ፣ ከጀርባው ያለችውን ትንሿን ማስተካከያ ብሎን በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር ሳያልፉ እያዞሩ ይሞክሩ፤ መሃል ያለውን ትልቁን ዳዶ ግን አይንኩት።

ሌላ አባል፣ ከአንኮበር፦
ሞተር ሲነሣ ድምፁ የሚሻሻል ከሆነስ?

መካኒክ፦
እንግዲያው ባትሪው ደክሟል፤ ጫፎቹንም አጽድተው ያጥብቁ።

ሌላ አባል፣ ከአንኮበር፦
አመሰግናለሁ፤ የእኔም እንዲሁ ነው። ጠያቂው ወንድማችን፣ የትኛው ሆኖ ተገኘ?