ከቡና ጥላ ሥር ለሚሠራ ሮቦት የዶክትሬት ጥናት፦ ምህንድስናውና ግብርናው የት ይገናኛሉ?

የቦሳዋ፦
ሰላም ለቤቱ። ጅማ ነኝ፣ ማስተርሴ በኤሌክትሪካል ነው። ለዶክትሬት ያሰብኩት በጥላ ዛፍ ሥር ባለ ማሳ ራሱን ችሎ እየሄደ የቡና ፍሬ በሽታን በካሜራ የሚለይ ሮቦት ነው። አንዱ አማካሪ ከቂጦ ፉርዲሳ (ከዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ግቢ)፣ ሌላው ከግብርና ኮሌጅ ይሆናሉ። ፕሮፖዛሉ ላይ ግን ሁለት ነገር ያዘኝ። ጥናቱ የየትኛው ዘርፍ ይባላል? አራቱን ዓመትስ እንዴት ልደልድለው? ሮቦቱን ስሠራ ጊዜው እንዳያልቅብኝ ሰግቻለሁ።

ሽቦና ብሎን፦
እህቴ፣ ርዕሱ አሁን ባለበት ሁለት ዶክትሬት ነው፤ መንገድ ማግኘቱ አንድ፣ በሽታ መለየቱ ሌላ። ሁለቱን የሚያስተሳስር አንድ ጥያቄ ያስፈልግሻል። ለምሳሌ፦ ሮቦቱ ያለበትን ቦታ ቢበዛ በስንት ሴንቲሜትር ቢስት ነው የዛሬውንና የዛሬ ሁለት ሳምንቱን የበሽታ ነጥብ (የሕመሙን መጠን የሚገልጸውን ቁጥር) ለዚያችው ዛፍ መመዝገብ የሚቻለው? ቡናው በ2 ሜትር ርቀት ከተተከለ፣ ጥቂት ሜትር የሚስት ተራ ጂፒኤስ ነጥቡን ለጎረቤት ዛፍ ይሰጥብሻል። አርቲኬ ጂፒኤስም (ከቋሚ ጣቢያ እርማት የሚቀበለው) ሜዳ ላይ ሴንቲሜትር ድረስ ቢያደርስ፣ የጥላ ዛፍ ሰማዩን ሲጋርድበት ያንን አይጠብቅም። ስለዚህ ሊዳር (ርቀትን በሌዘር የሚለካ)፣ ወይም ካሜራ ከአይኤምዩ (ፍጥነት ለውጥንና መዞርን ከሚለካ ሴንሰር) ጋር።

ካሜራ ከመረጥሽ ግሎባል ሸተር ይሁን፣ ማለትም ምስሉን በሙሉ በአንድ ቅጽበት የሚያነሳ። የካሜራውና የአይኤምዩው ሰዓት ደግሞ መናበብ አለበት። በ10 ሚሊሰከንድ ቢለያዩና ሮቦቱ በሰከንድ 1 ራዲያን ቢዞር፣ 5 ሜትር ላይ ያለ ግንድ በ5 ሴንቲሜትር ይዛነፋል። ካርታው ሲጣመም ብዙ ሰው ስልተ ቀመሩን ይወቅሳል፤ ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰዓቱ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ሮቦት አትሥሪ። ሴንሰሮቹን በእጅ በሚገፋ ጋሪ ላይ አስረሽ መረጃ ሰብስቢ። 1280 በ720 የሆነ ባለቀለም ምስል ሳይጨመቅ በሰከንድ 30 ጊዜ ከተቀዳ 83 ሜጋባይት በሰከንድ፣ በደቂቃ ወደ 5 ጊጋባይት ነው። ተራ ሚሞሪ ካርድ ይህን አይችልም፤ ፍሬም እየጣለ ይሄዳል። ለመንገድ ፍለጋው ጥቁርና ነጭ በሰከንድ 20 ይበቃል፣ ወደ 18 ሜጋባይት ይወርዳል። ኤስኤስዲ ላይ ቅጂ። ሶፍትዌሩን በሮስ 2 (የሮቦት ፕሮግራም መሥሪያ ማዕቀፍ) ጀምሪ፤ የሮስ 1 ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2025 አብቅቷል።

የመልኮ መንገድ፦
የጊዜ ሰሌዳሽን የሚያወጣው ቡናው ነው። በሽታው ጎልቶ የሚታየው ፍሬው አረንጓዴ ሆኖ በሚያድግበት ክረምት ነው፣ በግምት ከሰኔ እስከ መስከረም። አንዱ ዓመት በኮርስና በፕሮፖዛል ከሄደ ሦስት ክረምት ይቀርሻል። ሐምሌ ላይ ካሜራው ገና ጉምሩክ ከሆነ ሁለት ቀረ ማለት ነው። የጋሪው ሐሳብ ጥሩ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ የመጀመሪያውን ክረምት ያድንልሻል።

ማሳ ስትመርጪ ዝርያውን ጠይቂ። 74110 እና 74112 በሽታውን የሚቋቋሙ ናቸው፤ እነሱ ብቻ ያሉበት ማሳ ከገባሽ የታመመ ፍሬ ምስል ያጥርሻል። ቀይ ፍሬ ላይ የሚወጣ ሌላ ቡናማ በሽታም ስላለ፣ ምስል ብቻ አይበቃም። ከየማሳው ናሙና ወስደሽ በላብራቶሪ አስረጋግጪ። ነጥቡን ሁለት ሰዎች ሳይተያዩ ይስጡ፣ ስምምነታቸውም በካፓ (በአጋጣሚ ከሚመጣው በላይ ምን ያህል እንደተስማሙ በሚያሳይ መለኪያ) ይለካ።

ኮምፒውተር ሰዎች ደጋግመው የሚሳሳቱት ቁጥሩ ላይ ነው። ከአራት ማሳ 5,000 ፎቶ ብታነሺ ናሙናሽ 5,000 አይደለም፣ አራት ማሳ ነው። የአንድ ዛፍ ፎቶዎች ይመሳሰላሉ። ማሠልጠኛና መፈተኛ በፎቶ ከተከፈለ በሽታውን የሚለየው ሞዴል ዛፉን አስታውሶ ያልፋል፣ ሌላ ማሳ ሲገባ ይወድቃል። በማሳ ክፈይ።

የቦሳዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። በማሳ መክፈሉን ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር። አማካሪዎቹ ባይስማሙስ?

ሦስተኛ ወንበር፦
ከመጀመሪያው በጽሑፍ ይቀመጥ። ዋና አማካሪው ማን ነው፣ የትኛውን ምዕራፍ ማን ያጸድቃል፣ በየጽሑፉ ቀዳሚ ስም የማን ነው፣ ማሳውንና ዕቃውን ማን ይከፍላል። ሁለቱን በየወሩ አንድ ላይ አግኚያቸው። ለየብቻ ካገኘሻቸው አንዱ ሞዴሉን አሻሽይ ሲል ሌላው ማሳ ጨምሪ ይልሻል፣ ሥራው እጥፍ ይሆናል። የዲግሪው ዘርፍ በዋናው መለኪያ ይወሰን፤ ጥያቄው የቦታ ስህተት ከሆነ ምህንድስና ነው፣ ግብርናው ደግሞ ስንት ስህተት እንደሚፈቀድ ይነግርሻል። ከኮርሶቹ የዕፅዋት በሽታንና የሙከራ ዲዛይንን አትዝለዪ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የሮቦቱን ሊቲየም ባትሪ ከውጭ ሰው ይዞልሽ ከመጣ። 14.8 ቮልት በ10 አምፔር ሰዓት 148 ዋት ሰዓት ነው፤ ከ100 በላይ ስለሆነ አየር መንገዱ አስቀድሞ መፍቀድ አለበት። ከ160 ካለፈ በመንገደኛ ሻንጣ አይገባም፣ በካርጎ ነው።