ሁለቱም 1 ካራት፣ አንዱ ለምን አነሰ?

ጥያቄ፦
ሁለት ክብ አልማዞች እያወዳደርኩ ነው፤ ሁለቱም 1.00 ካራት ናቸው። ከላይ ሲለኩ ግን አንዱ 6.5 ሚሊሜትር፣ ሌላው 6.2 ነው። ክብደታቸው እኩል ከሆነ ልዩነቱ የት ገባ?

መልስ 1፦
ሆዱ ውስጥ! ካራት ክብደት እንጂ ስፋት አይደለም፤ 1 ካራት 0.2 ግራም ነው፣ በቃ። ለክብ አልማዝ የካራቱ ግምት በሚሊሜትር ልኬቶች እንዲህ ይሰላል፦ ዲያሜትር × ዲያሜትር × ጥልቀት × 0.0061። በዚህ ስሌት ባለ 6.5ቱ 3.88 ሚሊሜትር ያህል ጥልቀት አለው፤ ከዲያሜትሩ 60 ፐርሰንት ገደማ፣ ጥሩ ነው። ባለ 6.2ቱ ግን 4.26 ይደርሳል፣ ወደ 69 ፐርሰንት። የማይታይ ክብደት ሊገዙ ነው ማለት ነው። በደንብ የተቆረጠ 0.90 ካራትም 6.2 አካባቢ ስፋት አለው።

መልስ 2፦
ወገቡንም በጎን ይመልከቱ። የላይኛውና የታችኛው ክፍል የሚገናኙበት ጠርዝ ከወፈረ ክብደት እዚያም ይደበቃል።

መልስ 3፦
ስፋት ብቻ ማሳደድም ያሳስታል። በጣም ጠፍጣፋ ከሆነ የጠርዙ ነጸብራቅ መሃል ላይ ግራጫ ቀለበት ሆኖ ይታያል፤ በጣም ከጠለቀ ደግሞ መሃሉ ይጠቁራል።

ሌላው፣ ካራቱ እጥፍ ሲሆን ዲያሜትሩ እጥፍ አይሆንም፤ 26 ፐርሰንት ገደማ ብቻ ይጨምራል። ባለ 2 ካራት ክብ አልማዝ 8.1 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። በተመሳሳይ ክብደት ሰፋ ብሎ እንዲታይ ከፈለጉ ሞላላ ቅርጽ ይሞክሩ።